ፈቃድ፣ ፍራንክና ላብ፦ የምድር ባቡሩ ኩባንያ ታሪክ

ስለ ምድር ባቡር ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የድሬዳዋ ጣቢያ፣ የአዋሽ ቡፌ፣ አፄ ምኒልክ ለሥልጣኔ የነበራቸው ጉጉት ነው። የኩባንያው ታሪክ ግን ተበጣጥሶ ነው የደረሰን። አንዱ ስለ ውሉ ያወራል፣ ሌላው ስለ ኪሳራው፣ ሌላው ስለ ሠራተኞቹ። ካፒታል ሲባልም ብዙዎቻችን ገንዘብ ብቻ ነው የሚታየን። ወደዚህ ኩባንያ የገባው ካፒታል ግን ብዙ ዓይነት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድና መሬት አስገቡ፤ የፈረንሳይ ቆጣቢዎች ፍራንካቸውን፣ የለንደን ባለሀብቶች ፓውንዳቸውን፣ የፈረንሳይ መንግሥት ዋስትናውን አዋጡ። በረሃው ላይ የሚኖሩት አርብቶ አደሮች መተላለፊያ ሰጡ፤ ሠራተኛው ጉልበቱንና ኋላም ሙያውን ሰጠ። ያዋጣ ሁሉ በኩባንያው ላይ ድምፅ እንዲኖረው ፈለገ። የኩባንያው መነሣትና መውደቅ የተወሰነው ከእነዚህ ድምፆች የትኛው ተሰማ፣ የትኛው ታፈነ በሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከ1871 እስከ 1889፦ ገንዘብ ያልነበረበት መዋጮ

አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጣ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ኢልግም መንገድ፣ ድልድይና ቤት ከመሥራት ጀምሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ እስከ ማስገባት ድረስ አገለገላቸው። ከሁሉ በላይ ግን ሐሳቡ ባቡር ላይ ነበር። የደጋው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ባሕር ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር፤ እስከ በረሃው አፋፍ በበቅሎና በአህያ፣ ከዚያ ወዲያ በግመል። በዝናብ ጊዜ ይዘገያል፣ በድርቅ ጊዜ ግመሉ ያልቃል። ለመንግሥት ደግሞ ከቡናው የበለጠ የሚያሳስበው የጦር መሣሪያ የሚገባበት በር ነበር። ምጽዋ በጣሊያን፣ ዘይላ በእንግሊዝ እጅ ናቸው። ፈረንሳዮች ጅቡቲን ገና መመሥረታቸው ነበርና ወደቡን የሚያደምቅላቸው ንግድ ይፈልጋሉ።

በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለኢልግ የባቡር መሥሪያ ውል ፈረሙለት። ሊዮን ሸፍኖ የሚባለው ፈረንሳዊ ነጋዴም የሥራው ሸሪክ ሆነ፤ ሰውየው ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ጋር በጦር መሣሪያ ንግድ የተዋወቀ ነበር። ውሉ መስመሩን በሦስት ከፈለው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ይሄዳል። ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ሌላ ኩባንያ ከባሕሩ ወደ መሀል አገር ተፎካካሪ ሃዲድ እንዳይዘረጋ ይከለክላል። ኩባንያው ከሃዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋ ያዛል። ዘመኑ ሲያበቃም ሁሉም ነገር የኢትዮጵያ መንግሥት ንብረት ይሆናል።

ምኒልክ እዚህ ውስጥ ምን አዋጡ? ከግምጃ ቤታቸው ያወጡት ገንዘብ አይደለም። ያዋጡት ሌላ ማንም ሊሰጥ የማይችለውን ነው፦ መሬቱን፣ ብቸኛ የመሥራት መብቱን፣ የአገሪቱን የወደፊት ንግድ። ኢልግና ሸፍኖ ይህን ይዘው ፓሪስ ሲገቡ በእጃቸው የነበረው ዋና ሀብት ያ ፊርማና ማኅተም ነበር፤ «የኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥት ምድር ባቡር ኩባንያ» የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ፊርማው ግን መጀመሪያ ላይ ብዙ የሚያወላውል ነገር ነበረበት። ጣሊያን በውጫሌ ውል ሰበብ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት እያለች በአውሮፓ ታስነግር ነበር። ጥገኛ የተባለ አገር ንጉሥ የፈረመውን ውል አምኖ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለሀብት የት ይገኛል? መልሱ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። በየካቲት 1888 አድዋ ላይ ኢትዮጵያ ጣሊያንን ድል አደረገች፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት በአዲስ አበባ ውል ተቀበለች። ስለ አድዋ ብዙ ተጽፏል፤ ድሉ አንድ የንግድ ወረቀትን ባንኮች ወደሚያከብሩት ንብረት መለወጡ ግን እምብዛም አይነገርለትም። ሥራው የተጀመረው ከድሉ በኋላ፣ በጥቅምት 1890 ነው።

ከ1890 እስከ 1895፦ ፍራንኩ ሲያጥር

ከጅቡቲ የሚነሣው የመጀመሪያው ክፍል ከሁሉም አስቸጋሪው ነበር። ድንጋይ፣ ሙቀት፣ የውሃ እጦት። የሆልሆልን ገደል ለመሻገር ረጅም የብረት ድልድይ ማቆም ግድ ሆነ። የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ እንዲሆን የተወሰነው ወጪ ለመቀነስ ነው። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይንቀሳቀስምና በረሃው መሀል ለየጣቢያው ውሃ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

ሃዲዱ የሚያልፍበት መሬት የኢሳና የአፋር ግጦሽ ነው። በቤተ መንግሥት የተፈረመ ውል ለእነሱ ምናቸውም አልነበረም፤ ማንም አላማከራቸውም። የሥራ ሰፈሮች በተደጋጋሚ ተጠቁ፤ ሰው ሞተ፣ ሥራው ቆመ። ሲራራ ነጋዴ በዚያ በረሃ ሲያልፍ ለአገሩ ሰው ከፍሎና ጠባቂ ይዞ እንደሚያልፈው ሁሉ ኩባንያውም ከጎሳ መሪዎቹ ጋር መነጋገርና መክፈል እንዳለበት ዘግይቶ ገባው። በመሐንዲሶቹ ስሌት ውስጥ ያልተጻፈ መዋጮ ነበር፤ ያለ እሱ ግን አንድ ኪሎ ሜትር አይዘረጋም። ጉልበቱን የሰጡት የመኖች፣ ሶማሌዎችና ከደጋ የወረዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

የፓሪሱ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። የፈረንሳይ ባለሀብቶች ሩቅ አገር ላይ ያለ፣ ገና ትርፍ ያላሳየ ሃዲድ አክሲዮን ለመግዛት አልተሽቀዳደሙም። ኩባንያው የዕዳ ወረቀት ወደ መሸጥ ዞረ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። ባለአክሲዮን ትርፍ ሲኖር ይካፈላል፣ ሲጠፋ አብሮ ይከስራል፤ የዕዳ ወረቀት የያዘ ሰው ግን ባቡሩ ሄደም አልሄደ ወለዱን ይጠብቃል። ሃዲዱ በተጓተተ ቁጥር ወለዱ ይከመራል፤ ያንን ለመክፈል ሌላ ዕዳ ይገባል።

በዚህ ክፍተት የለንደን ገንዘብ ገባ። ከ1890ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እንግሊዛውያን ባለሀብቶች በኩባንያው ውስጥ ድርሻ እያከማቹ ሄዱ፤ በ1893 ዓ.ም. ተሰባስበው አንድ የጋራ ድርጅት አቋቋሙ። ለኩባንያው ፍራንክ ይሁን ፓውንድ ያው ነው፤ ደመወዝ ይከፈልበታል፣ ሃዲድ ይገዛበታል። ለፈረንሳይ ቅኝ ገዢ ወገኖች ግን ያው አልነበረም። ጅቡቲን የደከሙባት ለእንግሊዝ ንግድ በር እንድትሆን ነው ወይ ብለው በጋዜጣና በፓርላማ ጮኹ።

ጩኸቱ ሰሚ አገኘ። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ በዓመት 500,000 ፍራንክ ድጎማ ለ50 ዓመት ይሰጣል፤ በምላሹ የኩባንያውን አሠራር ይቆጣጠራል። ትልቁ መታጠፊያ ይኸ ነው እላለሁ። እስከዚያ ድረስ ምኒልክ የተዋዋሉት ከግለሰቦች ጋር ነው። ከዚያ በኋላ በአገራቸው መሬት ላይ የሚሄደው ባቡር የሌላ መንግሥት ክንድ ሆነ፤ ይህ ሲደረግ የጠየቃቸውም የለም። ፈቃዱን የሰጡት ሰው ውሳኔው ከተፈጸመ በኋላ ሰሙ።

ምኒልክ ተቆጡ፤ ቁጣቸውም መሣሪያ ነበረው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ በደጋው እግር ሥር ደርሶ ነበር። ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ ከከተማዋ በታች፣ በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ዳር፣ አዲስ ሐረር የተባለች ጣቢያ ተመሠረተች፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት። በወንዙ በአንዱ ወገን ኩባንያው ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉትን ከዚራን ሲያቅድ፣ በሌላው ወገን መጋላ በራሱ መንገድ አደገ። ከተማዋ ተወለደች፤ ሃዲዱ ግን እዚያው ቆመ። ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል አልፈቀዱም። ገንዘቡ ሁሉ የፈረንጅ ቢሆንም መጀመሪያ የተዋጣው ፈቃድ አሁንም ዋጋ እንዳለው አሳዩ።

ከ1895 እስከ 1901፦ ሦስት መንግሥታትና አንድ ቦርድ

ግማሽ መንገድ የሄደ ባቡር ግማሽ ትርፍ እንኳ አያመጣም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጭነት እንደ ወትሮው በእንስሳ ተጭኖ ድሬዳዋ ይደርሳል፣ እዚያ ወርዶ ፉርጎ ላይ ይጫናል። ጭነት ማውረድና መጫን ገንዘብ ነው፤ አንዳንዱ ነጋዴ እስከ ባሕር ድረስ በግመሉ መቀጠልን መረጠ። ኩባንያው ለወለድ የሚሆን ገቢ አጣ።

በዚህ መሀል እንግሊዝ ባቡሩ የሁሉም አገሮች የጋራ ይሁን ትላለች፣ ፈረንሳይ የእኔ ነው ትላለች፣ ጣሊያን ያለ እኔ አይሆንም ትላለች። በታኅሣሥ 1899 ሦስቱ ለንደን ላይ ተስማሙ። የሦስትዮሽ ስምምነቱ ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል መሸንሸኑን ብዙ አንባቢ ያውቃል። ያው ሰነድ ግን የአንድ ኩባንያን የቦርድ ወንበርም ያደላድላል። እስከ አዲስ አበባ ያለውን መስመር ፈረንሳይ ትሠራለች፤ በኩባንያው ቦርድ ውስጥ የእንግሊዝ፣ የጣሊያንና የኢትዮጵያ ተወካዮች ይቀመጣሉ። የቦርድ አባል በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ይመረጣል እንጂ በመንግሥታት ውል ይሾማል ብሎ የሚያስተምር የንግድ ሕግ አላውቅም። ምኒልክ ሰነዱ ሲቀርብላቸው በጨዋነት አመሰገኑ፤ ቀጥለውም ስምምነቱ የራሳቸውን የበላይ ሥልጣን በምንም መንገድ እንደማይገድበው አስታወቁ።

ስምምነቱ ለመጀመሪያው ኩባንያ አልደረሰለትም። ወዲያው በ1899 ዓ.ም. ከስሮ ፈረሰ። ሸፍኖ የዕድሜ ልክ ጥረቱ ከእጁ ወጣ፤ ኢልግም በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያን አገልግሎት ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ባቡሩን አዲስ አበባ ያስገቡት ፈቃዱን ወደ ገንዘብ ለመቀየር የደከሙት ሁለት ሰዎች አልሆኑም። ቁጠባቸውን አምነው የሰጡትም በኪሳራው ተጎዱ።

በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተፈረመ። በወረቀት ላይ የተቀበለው ዶክተር ቪታሊያን ነው፤ የጓድሎፕ ተወላጅ ጥቁር ሰው፣ የምኒልክ ሐኪም። በቤተ መንግሥቱ የሚታመን ሰው ስሙን አዋጣ ማለት ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ፈቃዱ ወዲያው ለአዲሱ «የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ» ተላለፈ። ከኩባንያው ኋላ ኢንዶቺን ባንክ የተባለው የፈረንሳይ ባንክ ቆመ፤ ከባንኩ ኋላ በ1901 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የፈረንሳይ መንግሥት ዋስትና ቆመ። የቀድሞው ኩባንያ ጀብደኛ ግለሰቦች መንግሥትን እየለመኑ ያቆሙት ነበር። አዲሱ መንግሥትና ባንክ አስቀድመው ተነጋግረው ያዋቀሩት ነው። አስተማማኝነቱ በጣም ጨመረ። የኢትዮጵያ ድምፅ ግን በዚያው ልክ አነሰ፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ መዝገቡና ውሳኔው ሁሉ ፓሪስ ነው።

ከ1901 እስከ 1927፦ ባቡሩ ሲገባ

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ሥራው ተራ የምሕንድስና ጉዳይ ሆነ። ሃዲዱ አዋሽን ተሻገረ፣ በሞጆና በአቃቂ አድርጎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር። ምኒልክ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል የተባለው ሦስተኛው ክፍል በወረቀት ቀረ።

ባቡሩ የሚሄደው ቀን ቀን ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በመሀል ሁለት ሌሊት ያድራል፤ አንዱን ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ። የአዋሽ ቡፌ የተወለደው ከዚህ ነው። ሳምንታት የሚፈጀው ጉዞ ሦስት ቀን ሆነ። ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ አቡጀዲ፣ ጨው፣ ብረታ ብረትና መኪና ይገባል። የሚፎካከረው መንገድ ስላልነበረ ኩባንያው የጭነት ታሪፉን እንደ ፈለገ ሊያወጣ ይችላል፤ ነጋዴውም መንግሥትም ስለ ታሪፉ ክብደት አብዝተው አማረሩ። በ1886 የተሰጠው ብቸኛ መብት ፍሬው የተለቀመው አሁን ነው፤ ለቃሚው ግን ሰጪው አልነበረም። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጣቢያ ሕንፃ የዚያ የደህና ዘመን ምልክት ነው።

በዚህ ወቅት በመዝገብ ያልተጻፈ ሌላ ካፒታል ድሬዳዋ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። የኩባንያው ዋና የጥገና ወርክሾፕ እዚያ ነው። ከፈረንሳይ የመጡት ትልልቅ የመቅረጫና የመብሻ ማሽኖች እስከ ዛሬ ቆመዋል። አንድ ልጅ አባቱን ተከትሎ በረዳትነት ይገባል፤ መጀመሪያ ዘይት ይቀባል፣ ብረት ይሞርዳል፣ ከዚያ ልክ መውሰድ ይማራል፣ ከዚያ ማሽኑ ይሰጠዋል። ፈረንሳይኛውን የሚማረው ከመሣሪያዎቹ ስም ነው። አለቃው ፈረንጅ ነው፤ የግሪክና የአርመን ሰዎች መሀል ላይ፣ አበሻውና ሶማሌው ታች ላይ ይመደባሉ። ሙያው ግን ደረጃ ሳይጠብቅ ወደ ታች ፈሰሰ። ከጊዜ በኋላ መለዋወጫ ከውጭ መምጣት ሲያቆም እነዚህ ሰዎች የተሰበረውን ዕቃ ለክተው፣ ብረት አቅልጠው፣ ቀርጸው በቦታው ይመልሱት ነበር። ፓሪስ ውስጥ ከተመዘገበው አክሲዮን ይልቅ ኩባንያውን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆመው ይህ ነው።

ከ1927 እስከ 1933፦ አክሲዮን ለሰላም ማባበያ

በታኅሣሥ መጨረሻ 1927 የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ተፈራረሙ። ፈረንሳይ በሂትለር ላይ ጣሊያንን ከጎኗ ማሰለፍ ትፈልግ ነበር። ካቀረበቻቸው ማባበያዎች አንዱ 2,500 የምድር ባቡሩ አክሲዮን ነው። ቁጥሩ ኩባንያውን ለመቆጣጠር አይበቃም። ሆኖም ነገሩን ልብ በሉት። ከአርባ ዓመት በፊት የባቡሩ ፈቃድ ዋጋ ያገኘው ጣሊያን በመሸነፏ ነበር፤ አሁን ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ የዚያው ኩባንያ ባለድርሻ ትደረጋለች፤ ኢትዮጵያን ማንም አይጠይቃትም። ሃዲዱ የአገሪቱ ዋና የባሕር በር ነው፤ ወረራው ሲቃረብ የጦር መሣሪያ በእሱ እንዳይገባ ፈረንሳይ እንቅፋት ሆነች። ኩባንያ ውስጥ የፈረንሳይ መንግሥት ዋስትና ምን ማለት እንደሆነ ኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ዋጋ ከፍላ አወቀችው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ባቡር ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ተሰደዱ።

ጣሊያኖች ባቡሩ የፈረንሳይ ስለሆነ አላመኑትም። ከአሰብ ደሴ፣ ከአስመራ አዲስ አበባ የመኪና መንገድ ዘረጉ። እነሱ አምስት ዓመት ቆይተው ሄዱ፤ መንገዱ ቀረ፤ የባቡሩም ብቸኝነት በዚያው አከተመ።

ከ1933 እስከ 1952፦ እኩል ድርሻ

ከነፃነት በኋላ ባቡሩ በእንግሊዞች እጅ ጥቂት ቆይቶ ወደ ኩባንያው ተመለሰ። በ1940 ዓ.ም. አካባቢ የድሬዳዋ ሠራተኞች ማኅበር ፈጥረው ደመወዝና አያያዝ ይሻሻል ብለው ሥራ አቆሙ። በኃይል ተበተኑ። በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ውስጥ ከቀደምቶቹ ተርታ የሚጠሩ ናቸው፤ ማኅበር በሕግ የተፈቀደው ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ጉልበታቸውንና ሙያቸውን ያዋጡት ሰዎች ድምፅ ሲጠይቁ ኩባንያውም መንግሥትም በአንድ ቋንቋ መለሱላቸው።

መንግሥት ለራሱ የጠየቀው ግን ተሳካለት። በ1952 ዓ.ም. ኅዳር ኢትዮጵያና ፈረንሳይ በፈረሙት ውል ኩባንያው በኢትዮጵያ ሕግ የሚተዳደር ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ድርሻው እኩል ለእኩል ተከፈለ። ፈቃዱ ከተሰጠ ከ65 ዓመት በኋላ ነው። ለዚህ ያበቃው የፈረንሳይ ቸርነት ብቻ አይመስለኝም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ወዲህ አሰብና ምጽዋ በእጅ ናቸው፤ መንግሥት «ሌላ በር አለኝ» ማለት ችሏል። ሌላ በር ያለው ሰው ድርድር ላይ ሲቀመጥ ይደመጣል።

ከ1952 እስከ 2000፦ ገንዘብ የሌላቸው ሁለት ባለቤቶች

እኩልነቱ የመጣው ባቡሩ መዳከም ሲጀምር ነው። የጭነት መኪናው ዕቃውን ከመጋዘን አንሥቶ መጋዘን ያደርሳል፤ የአሰብ ወደብና መንገድ የነዳጁንና የገቢ ዕቃውን ትልቅ ድርሻ ወሰዱ። ጠባቡ የአንድ ሜትር ሃዲድ፣ ያረጁት ድልድዮች፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ባቡር መታደስ ነበረባቸው። በየካቲት አብዮት ዋዜማም ሆነ ማግስት ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ያወጣ የለም።

በሰኔ 1969 ጅቡቲ ነፃ ወጣች። በዚያው ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ተቋረጠ፣ ድሬዳዋ ራሷ ተጠቃች። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የፈረንሳይ ቦታ በጅቡቲ ተተካ፤ በ1973 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ግማሽ ግማሽ የያዙበት የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት ተቋቋመ። ባንክ የለም፣ ቆጣቢ የለም፣ ከጀርባ የሚቆም ሀብታም መንግሥት የለም። ሁለት ድሃ ባለቤቶች እኩል ድምፅ ይዘው ተቀመጡ፤ አንዱ ካልተስማማ ሌላው ብቻውን አይወስንም፤ ቢስማሙም የሚያወጡት ገንዘብ የላቸውም።

ባቡሩ ግን አልቆመም። ያቆዩት የወርክሾፑ ሰዎችና መንገደኞቹ ናቸው። በየፉርጎው ጨርቃ ጨርቅ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የጫኑ ሴት ነጋዴዎች፣ ከመቀመጫ ሥር የተደበቀ ኮንትሮባንድ፣ በየጣቢያው ከፈታሾች ጋር የሚደረግ ድብብቆሽ፤ የድሬዳዋ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ያሳደገው በዚህ ነው። ለከተማይቱ ትልቅ ሀብት ነበር፤ ለድርጅቱ ሣጥን ግን የሚደርሰው የቲኬት ዋጋ ብቻ ነው።

ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ንግድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። መቶ ዓመት ሙሉ ባቡሩ የተመኘው ጭነት ሁሉ መጣለት፤ የሚሸከምበት ጉልበት ግን አልነበረውም። ዕቃው በከባድ መኪና ሄደ። ለግል ኩባንያ በኪራይ ለመስጠት ድርድር ተደረገ፣ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ጥገና ተጀመረ፣ ሁለቱም ፍሬ አላፈሩም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው የመንገደኛ ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጸጥ አለ።

ከ2000 ወዲህ፦ አዲስ ሃዲድ፣ አዲስ አበዳሪ

የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የተወሰነው አሮጌውን መጠገን ትቶ በአጠገቡ ሰፊና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሃዲድ መዘርጋት ነው። ሠሪዎቹ የቻይና መንግሥት ኩባንያዎች ናቸው፤ ከሰበታ ሚኤሶ አንዱ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላው። ገንዘቡ በአብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። የሚያስተዳድረው አክሲዮን ማኅበር 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። አበዳሪው አገር በዚህ ማኅበር ባለድርሻ አልሆነም፤ የቦርድ ወንበርም በውል አልተከፋፈለም። ከ1899ኙ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው፤ መታወቅም አለበት።

ዕዳ ግን የዕዳ ጠባዩን አልተወም። ባቡሩ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኃይል መቆራረጥ፣ የጭነት እጥረትና ከወደቡና ከደረቅ ወደቡ ጋር ያለመገናኘት ችግር ገቢውን ያዙት፤ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ግን እየደረሰ ነበር። በ2010 መጨረሻ ከቻይና ጋር በተደረገ ድርድር መክፈያው ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። የመጀመሪያውን ኩባንያ ያፈረሰው ይኸው ግፊት ነው፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ኪሳራው በቆጣቢዎች ላይ ወደቀ፣ አሁን የሚከፍለው የኢትዮጵያ ግብር ከፋይ ነው። በሃዲዱ ዳር ያሉት አርብቶ አደሮችም እንደ ጥንቱ ሒሳቡ ውስጥ አሉ። ባቡሩ የገጨው ግመልና ከብት ካሳ ይጠየቅበታል፤ ኩባንያውም ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ይደራደራል፣ ይከፍላል።

ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ባቡሩን ያንቀሳቀሱት በአስተዳደር ውል የገቡት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። እነሱ እየነዱ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ከጎናቸው ተቀምጠው ተማሩ፤ ሌሎችም ቻይና ተልከው ሠለጠኑ። በ2016 ዓ.ም. ርክክቡ ተፈጸመ፤ ነጂው፣ የጣቢያ ተቆጣጣሪው፣ የጥገናው ባለሙያ የአገር ልጅ ሆነ። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ዘመናት የፈጀው ሙያ አሁን በስድስት ዓመት እንዲተላለፍ በውል ታስቦ ተሠራ። በዚህ ኩባንያ ውስጥ ከታየው ሁሉ ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ ነው።

አዲሱ ሃዲድ ከተማው መሀል አይገባም፤ የአዲስ አበባ ጣቢያው ለቡ ነው። በመሀል ከተማ የቀረው የአሮጌው ጣቢያ ሰፊ መሬት ግን ያለ ሥራ አልተቀመጠም። በኅዳር 2011 ኢግል ሂልስ ከተባለው የአቡዳቢ ኩባንያ ጋር የለገሃር የመኖሪያና የንግድ መንደር ግንባታ ይፋ ሲሆን መንግሥት ቦታውን ይዞ በድርሻ ገባ። መሬት አሁንም የመንግሥት መዋጮ ሆኖ ቀረበ፤ ሌላው ገንዘብ ይዞ መጣ። የኢትዮጵያ ድርሻም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውሉ ተጽፏል።